ሞተር በምን ይታጠብ? የሹፌሮችና የመካኒኮች ጥያቄና መልስ

ቆሽሾ የቆየ የጭነት መኪና ሞተር ሙቀቱን እንደልቡ አያስወጣም፤ የሚያፈስበትን ቦታ ይደብቃል፤ ቱርቦው አጠገብ የተጋገረው ዘይትና አቧራ ደግሞ እሳት የሚጠብቅ ማገዶ ነው። በሌላ በኩል ቆሽሾ በደህና ሲሠራ የነበረ ሞተር ከላቫጆ ሲወጣ የማይነሳበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ የተሳሳተ ፈሳሽ፣ ሳይበርድ የታጠበ ብረት ወይም በቅርብ ተይዞ የተረጨ ውሃ ነው። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በዚሁ ጉዳይ ላይ የተላኩ ናቸው።

ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ ወይስ ቤንዚን?

ጥያቄ፦ ከሞጆ ጋላፊ የምመላለስ የሲኖትራክ ሹፌር ነኝ። ሞተሬን ላቫጆ ሳስገባ ናፍጣ ይረጩበትና በውሃ ያጥቡታል። ረዳቴ ደግሞ «በቤንዚን ቢሆን ቶሎ ይለቅ ነበር» ይለኛል። ናፍጣ እውነት ጉዳት አለው? ከሦስቱ የቱ ይሻላል? (ከሞጆ)

መልስ፦ ናፍጣ ቅባት እንደሚያለቅቅ አይካድም። ችግሩ ካለቀቀ በኋላ ነው። በውሃ ብቻ አይነሳም፤ ስስ ሽፋን ሆኖ ብረቱ ላይ ይቀራል። ከአዋሽ ወዲያ ያለው አቧራ በዚያ ሽፋን ላይ ይለጠፍና ሞተሩ ብዙ ሳይቆይ ከበፊቱ የባሰ ይቆሽሻል።

ሁለተኛው ጉዳት ጎማው ላይ ነው። የራዲያተር ቱቦዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ኢፒዲኤም ከሚባል የጎማ ዓይነት ነው። ይህ ጎማ የፈላ ውሃና እንፋሎት ይችላል፤ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝና ዘይት ግን አይችልም። ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከጊዜ በኋላ በማሰሪያው በኩል ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎችም እንዲሁ ይጎዳሉ። ቱቦዎ በእጅ ሲጨመቅ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ወይም ላዩ ከተንቦረቀቀ በናፍጣ መታጠቡ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው እሳት ነው፤ ሦስቱ ነዳጆች በእጅጉ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን ያወጣል፤ ማለትም ደጋ ሆነ ቆላ፣ ጠዋት ሆነ ማታ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። የባትሪ ገመድ ሲነካካ የሚወጣ ብልጭታ ይበቃዋል። ስለዚህ ቤንዚን ለሞተር እጥበት በምንም ዓይነት አይታሰብ፤ ለረዳትዎም ይህንኑ ይንገሯቸው። የነጭ ጋዝ ልኩ ከ38 ዲግሪ ጀምሮ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚያዝናና ቁጥር ይመስላል፤ ሚሌና ሰመራ ላይ ግን በሙቀቱ ወራት አየሩ ራሱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ነጭ ጋዝ እዚያ የቤንዚን ያህል ይፈራል። ናፍጣ ከ52 እስከ 55 ዲግሪ ጀምሮ ነው። የተሻለ ይምሰል እንጂ ናፍጣ በጣም የጋለ ብረት ሲነካ ያለ ምንም ብልጭታ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዳገት ጨርሶ ገና የቆመ መኪና ቱርቦው ከ400 ዲግሪ በላይ የሚግልበት ጊዜ አለ፤ እዚያ ላይ በጉም መልክ የተረጨ ናፍጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ናፍጣ ቦታ አለው፤ ተፈትቶ የወጣ፣ ጎማም ሽቦም የሌለበት የብረት ክፍል በሳህን ውስጥ በቡሩሽ ለማጠብ። ከዚያ በኋላ በሳሙና ውሃ ይለቅለቅ። መኪናው ላይ ለተቀመጠ ሞተር ግን በውሃ የሚበጠበጥ ዲግሪዘር፣ ማለትም የቅባት ማጽጃ፣ ይጠቀሙ።

ጽሑፉ የማይነበብ ጀሪካን

ጥያቄ፦ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ሶማሌ ተራ ስሄድ የዲግሪዘሩ ዓይነት ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ጽሑፉ በማላውቀው ቋንቋ ነው፣ አንዳንዱ ከበርሜል እየተቀዳ ይሸጣል። ኮስቲክ ሶዳ በጥብጠው የሚጠቀሙም አሉ፣ ሲያጸዳ ደግሞ ይገርማል። በምን ልምረጥ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከኮስቲክ ሶዳው እንጀምር፤ ብዙ ንብረት የሚያበላሸው እሱ ነውና። ኮስቲክ ሶዳ ቅባትን ወደ ሳሙና ይቀይራል፤ ቶሎ የሚያጸዳው ለዚህ ነው። ነገር ግን አሉሚኒየምንም ይበላል። ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፤ ያ አረፋ ሃይድሮጅን ጋዝ ነው፣ ይነድዳል። ብረቱ ይጠቁራል፣ ላዩ ይሻክራል፣ ስስ ከሆነ ይበሳል። አሁን የጭነት መኪና ሞተር ላይ አሉሚኒየም የሆነውን ይቁጠሩ፤ የራዲያተሩና የኢንተርኩለሩ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ክንፎች፣ የዲናሞው ቤት፣ የቱርቦው የአየር ወገን፣ በብዙዎቹ ላይ የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ቤት። ይህን ሁሉ በአንድ እጥበት ያገኘዋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። ኮስቲክ ሶዳን ለሳሙና ሠሪ ይተዉለት።

የሚገዙት ዕቃ ላይ ጽሑፍ ካለ ቋንቋውን ባያውቁም ምልክቶቹን ያያሉ። በቀይ አልማዝ ውስጥ እጅና ብረት ላይ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ የሚያሳየው ሥዕል የሚበላ ኬሚካል ነው ማለት ነው፤ የነበልባል ሥዕል ያለበት የሚነድ ነው፤ የቃለ አጋኖ ምልክት ብቻ ያለበት ከነዚህ የለዘበ ነው። ፒኤች የሚባለው (የአሲድነትና የአልካላይንነት መለኪያ) ቁጥር ከተጻፈ ከ8 እስከ 11 ያለው ለተደባለቀ ብረት ይስማማል፤ 13 እና 14 ለአሉሚኒየም አደጋ ነው። ከግብዓቶቹ መካከል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ መጀመሪያ ላይ ከሰፈረ ይተዉት። ሶዲየም ሜታሲሊኬት ያለበት ግን፣ አልካላይን ቢሆንም፣ ሲሊኬቱ አሉሚኒየሙን በመጠኑ ይከላከልለታል።

ከበርሜል የሚቀዳውን ሁለት ቀላል ፈተናዎች ይፈትኑት። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ይጨምሩ። ውሃው እንደ ወተት ከነጣ ነዳጅ መሰል ፈሳሽ ከማሟሚያ ጋር ተቀላቅሎበታል፤ በደንብ ይታጠባል፣ ነገር ግን ለእሳት እንደ ነጭ ጋዝ ይጠንቀቁለት። ውሃው ጥርት ብሎ ከቀረ ወይም አረፋ ብቻ ካወጣ በውሃ የተሠራ ነው። ተለይቶ ከላይ ከተንሳፈፈ ግን የሸጡልዎ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ነው፣ ይመልሱት። ሁለተኛው ፈተና ለአሉሚኒየም ነው፤ ፈሳሹን በሚጠቀሙበት ልክ በጥብጠው ምግብ የሚጠቀለልበትን ፎይል ቁራጭ ለ15 ደቂቃ ይንከሩበት። አረፋ ከጀመረ ወይም ፎይሉ ከጠቆረ ራዲያተር አያስነኩት።

ኦሞና ላርጎ ቀለል ላለ ቆሻሻ ያገለግላሉ፤ በ5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፣ በደንብ መለቅለቅ ግን አለበት። በረኪና ቅባት አያነሳም፤ ብረት ያዝጋል፤ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ክሎሪን የሚባለውን መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አንዳንድ ላቫጆ የባትሪ አሲድና በረኪና አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉና ይህን ይለዩ።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ይታጠባል?

ጥያቄ፦ የኢሱዙ ኤፍኤስአር ባለንብረት ነኝ። ሹፌሩ ግቢ ውስጥ ራሱ እንዲያጥበው እፈልጋለሁ፤ የግፊት ማጠቢያ ማሽንም አለን። ቅደም ተከተሉንና መጠኑን ብትጽፉልን። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ጎማው በታኮ ይደገፍ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። ጋቢናውን ከመገልበጥዎ በፊት ውስጡ ያለውን ዕቃ ያውጡ፤ የተረሳ ጀሪካን ወደ ፊት ተንሸራቶ የፊት መስታወቱን ይሰብራል። ጋቢናው እስከ መጨረሻው ተገልብጦ የደህንነት መቆለፊያው መግባቱ በዓይን ሳይታይ ማንም ከሥሩ አይግባ።

ሞተሩ ይብረድ። ከረጅም መንገድ የገባ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆይ። መለኪያው ይህ ነው፤ መዳፍዎን የሞተሩ አካል ላይ አሳርፈው 10 ሰከንድ ሳይከብድዎ መቆየት አለብዎት፤ የጭስ ማኒፎልዱ ላይ ደግሞ የውሃ ጠብታ ሲያንጠባጥቡ መጮህ የለበትም። የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ሲመታ ማኒፎልዱ ወይም የቱርቦው ቤት ይሰነጠቃል፤ ዲግሪዘሩም ሳይሠራ ይደርቅና ነጭ እድፍ ይተዋል። ለብ ያለ ሞተር ግን ጥሩ ነው፣ ቅባቱ ይለሰልሳል።

ቁልፉን ያጥፉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱ። ከዚያ መሸፈን ይጀመራል፤ ለዚህ ወፍራም ፌስታልና ፕላስተር ይበቃል። ዲናሞው፣ ሞተሪኖው፣ የፊውዝ ሳጥኑ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ካለ እሱና ሶኬቶቹ፣ የአየር ፊልትሮው መሳቢያ አፍ፣ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ አፍ ይሸፈኑ። የዘይት መሙያው ክዳንና የዘይት መለኪያው ዘንግ በደንብ መግባታቸውን በእጅ ይፈትሹ። ፌስታሎቹን ቆጥሮ መሸፈን ጥሩ ልማድ ነው፤ መሳቢያው አፍ ላይ የተረሳ ፌስታል ሞተሩን ያፍናል።

አሁን ያለ ውሃ ሥራ አለ፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የተጋገረውን ዘይትና ጭቃ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይፋቁት። የቆሻሻው ግማሽ የሚወርደው እዚህ ላይ ነው፤ በመፋቂያ ያልወረደ ጣት የሚያህል ቅርፊት ዲግሪዘር ላዩን ብቻ ያረጥበዋል። የተፋቀውን በካርቶን ላይ ሰብስበው ያስወግዱት።

የዲግሪዘሩ መጠን እንደ ቆሻሻው ነው። ለአቧራና ለስስ ዘይት በ1 ሊትር ውሃ 50 ሚሊሊትር፣ ለተለመደው የሞተር ቅባት 100 ሚሊሊትር፣ ለተጋገረ ግራሶ 250 ሚሊሊትር። ዕቃው ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈ የዕቃውን ይከተሉ። ውሃው ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ለብ ቢል ይመረጣል። ለኤፍኤስአር ሞተር 5 ሊትር ብጥብጥ ከበቂ በላይ ነው። ሳይበጠብጡ ድፍኑን መርጨት ቁጠባም ፍጥነትም የለውም፤ ለመለቅለቅ ያስቸግራል፣ ቀለም ያነሳል።

አረጫጨቱ ከታች ወደ ላይ ይሁን። ከላይ ከተጀመረ የሚወርደው ፈሳሽ በደረቁ ቆሻሻ ላይ መስመር እየሠራ ይሄዳል፣ ያ መስመር ቆይቶ አይለቅም። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይተዉት፤ እንዳይደርቅ ግን ከጥላ ሥር ይሠራ፣ ሊደርቅ ሲል በድጋሚ ይረጠብ። በዚህ ጊዜ በጠንካራ ናይለን ቡሩሽ ይፈትጉት። የሽቦ ቡሩሽ ገመድና ቱቦ አጠገብ አይምጣ። የሚያጸዳው ፈሳሹ፣ ጊዜውና ቡሩሹ ነው፤ ማሽኑ የላላውን ለማውረድ ብቻ ነው የሚፈለገው።

መለቅለቁ ከላይ ወደ ታች ነው። ማሽኑ ከ100 ባር በላይ ስለሚገፋ ከ50 ሴንቲሜትር አያቅርቡት፣ በሰፊው በሚበትነው አፍንጫ ይጠቀሙ፤ ነጩ 40 ዲግሪ ይበትናል፣ ቀዩ ግን እንደ መርፌ ስለሚወጋ ለሞተር አይሆንም። በቀዩ ወይም በቅርብ የተያዘ ውሃ የፓራኦሊዮውን (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ከንፈር አልፎ ይገባል፣ የቤሪንግ ግራሶ ያወጣል፣ የሶኬት ጎማ ይገለብጣል፣ የሰው ቆዳም ይበሳል። ሶኬቶች፣ ዲናሞውና ሞተሪኖው አካባቢ ማሽኑን ትተው በጎማ ቱቦ በቀስታ የሚወርድ ውሃ ይጠቀሙ። የፍሪሲዮን ቤት ላይ ያለውን ቀዳዳ አይርጩበት፤ ቅባት ያዘለ ውሃ ዲስኩን ካገኘ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

ፌስታሉን ካነሱ በኋላ በኮምፕሬሰር አየር ያድርቁ፤ ሶኬት አካባቢ አየሩን ቀንሱት። ባትሪውን መልሰው ያስሩና ሞተሩን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ያሠሩት፣ በራሱ ሙቀት የቀረው ይደርቃል። ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) ከጮኸ የዲግሪዘር ቅሪት አለበት፤ ሞተሩን አጥፍተው በንጹሕ ውሃ አጥበው ያድርቁት፣ ዘይትም ሆነ ሳሙና አይቀቡት።

የሚወርደው ውሃ ዘይት አለበት። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጉድጓድ ውሃ እንዳይሄድ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ በመንገዱ ላይ ይደልድሉና ዘይቱን ያስይዙት። አዋሽ ወንዝ ዳር ወርዶ ማጠብ ውሃውን ከብቱም ሰውም ዝቅ ብሎ እንደሚጠጣው መርሳት ነው።

ሞተሩ እየሠራ ማጠብ

ጥያቄ፦ «ሞተሩ እየሠራ ከታጠበ ውሃ አይገባበትም» ይባላል። እውነት ነው? (ረዳት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድማችን። የሚሠራ ሞተር አየር ይስባል፤ መሳቢያው አጠገብ የተረጨን ውሃም አብሮ ይስባል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከተጠራቀመ ፒስተኑ ሲወጣ ይገታና ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) ያጎብጣል። ከዚህ ሌላ የናፍጣ ፖምፓው አለ። በአሮጌዎቹ ፖምፓዎች ውስጥ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ከቤታቸው ጋር ያላቸው ክፍተት ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ነው። ፖምፓው ሞቆ እየሠራ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰበት ውጭው ቀድሞ ይኮማተራል፣ ውስጡ ገና ትኩስ ነው፤ ይነክሳል። ቺንጋና ቬንትሌተር እየዞሩ እጅና ቡሩሽ ማስገባቱን ደግሞ መናገር አያስፈልግም።

ከታጠበ በኋላ አልነሳም አለ

ጥያቄ፦ ትናንት ላቫጆ አሳጥቤ ዛሬ ጠዋት መኪናው አልነሳም አለ። ሞተሪኖው ይዞራል። ዳሽቦርድ ላይ የሞተር መብራት በርቷል። ምን ላድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ ቁልፉን መደጋገም ያቁሙ። የአየር ፊልትሮውን ቤት ይክፈቱ። ፊልትሮው ከረጠበ ወይም ከሥሩ ውሃ ካለ ወደ ሞተሩም ሊገባ ይችላልና ኢንጄክተር ወይም ካንዴላ አስወጥቶ ውሃውን የሚያወጣ መካኒክ እስኪመጣ አያዙሩት። ደረቅ ከሆነ ጭንቀቱ ቀለለ፤ ችግሩ ሶኬት ላይ መሆኑ አይቀርም።

ሞተሪኖው እየዞረ የማይነሳ ዘመናዊ ሞተር በብዛት የሚጠረጠረው የክራንክ ሴንሰሩ ሶኬት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን ካላወቀ ናፍጣ አይሰጥም። ቀጥሎ የናፍጣ ግፊት ሴንሰሩ። ባትሪውን ፈትተው ሶኬቱን ይንቀሉ፣ በቀስታ አየር ይንፉበት፣ ለኤሌክትሪክ መገናኛ የሚሸጠውን ማጽጃ ይርጩ፣ ሲደርቅ ይመልሱ። ፒኑ አረንጓዴ ወይም ነጭ ካወጣ መዛግ ጀምሯል። ከአፍዴራ ጨው የሚጭኑ መኪኖች ላይ ይህ ቶሎ ይመጣል፤ የጨው አቧራ ውሃ ሲያገኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ መዳብም ይበላል። እነዚያ መኪኖች በየጉዞው መጨረሻ በንጹሕ ውሃ በዝቅተኛ ግፊት ቢለቀለቁ ከዲግሪዘር በላይ ይጠቅማቸዋል።

የመገናኛ ማጽጃ ከሌለ በናፍጣ ወይም በቤንዚን አይተኩት፤ የሶኬቱን ጎማ ያበላሻሉ። ፀሐይ ላይ ተከፍቶ ሁለት ሰዓት መቆየት ይሻላል።

ራዲያተሩ ንጹሕ ነው፣ ዳገት ላይ ግን ይሞቃል

ጥያቄ፦ ሲኖትራክ ነው። ፊቱን ሁልጊዜ በማሽን አጥበዋለሁ፣ ንጹሕ ነው። ጭነት ይዤ ዳገት ስጀምር ግን ሙቀቱ ይወጣል። (ከአዋሽ 7 ኪሎ)

መልስ፦ ከፊት የሚያዩት ራዲያተሩን አይደለም፣ ኢንተርኩለሩን ነው። ራዲያተሩ ከኋላው ነው፤ አቧራው የሚጠራቀመው በሁለቱ መካከል ነው። ከፊት በግፊት ሲያጥቡት ቆሻሻውን ወደዚያው ይገፉታል። ከሞተሩ መተንፈሻ የሚወጣ የዘይት ጉም ካለበት ደግሞ አቧራው እንደ ምንጣፍ ይጋገራል።

አምፖል ይያዙና ከቬንትሌተሩ ወገን ያብሩ፤ በመካከላቸው ብርሃን የማያልፍበት ቦታ የተደፈነ ነው። ከተቻለ ኢንተርኩለሩ ከላይ ተፈትቶ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ፊት ይሳብ። ለዘብ ያለ ዲግሪዘር፣ በ1 ሊትር 50 ሚሊሊትር፣ በሁለቱም ገጽ ይረጭና 10 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት፣ ማለትም አየሩ ከሚገባበት በተቃራኒ፣ በጎማ ቱቦ ይለቅለቅ። ውሃው ክንፎቹን ቀጥ ብሎ ይምታ እንጂ በሰያፍ አይምታቸው፤ በሰያፍ የመጣ ግፊት ክንፎቹን አጥፎ ቀዳዳውን ለዘለቄታው ይዘጋዋል። ወደ ፊት የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል ይቀጥሉ። ይህ ተደርጎ ሙቀቱ ካልቀነሰ ቴርሞስታቱንና የቬንትሌተሩን ክላች ማየት ነው።

የሃይላንድ ጠርሙስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሹፌር ነው። የሞተር ማጽጃውን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ቤት ያስቀምጣል። ልጃችን አራት ዓመቱ ነው፣ ፈራሁ። ቢጠጣ ወተት ይሰጠዋል? (ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ ስጋትዎ ትክክል ነው፤ ጠርሙሱ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ። ኬሚካል በመጣበት ዕቃ ብቻ ይቀመጥ፣ መጠጥና ምግብ በሚቀመጥበት ዕቃ ፈጽሞ አይቀዳ። ቦታውም የሚቆለፍ፣ ከልጅ ቁመት በላይ የሆነ ይሁን።

ልጅ ከጠጣ እንዲያስመልሰው አይሞክሩ፣ ወተትም አይስጡት። ነጭ ጋዝና መሰሎቹ ሆድ ውስጥ ካሉበት ይልቅ በማስመለስ ጊዜ ወደ ሳንባ ሲገቡ የከፋ ጉዳት ያደርሳሉ፤ ወተት ደግሞ ሊያስመልሰው ይችላል። የሚበላ ኬሚካል ከሆነ ሲመለስ ጉሮሮውን ሁለተኛ ጊዜ ያቃጥላል። አፉን በውሃ ያጥቡት፣ ልብሱ ላይ የፈሰሰ ካለ ያውልቁት፣ ዕቃውን ይዘው በቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱ። ሐኪሙ ምን እንደጠጣ ማወቅ አለበት። ሳልና ፈጣን አተነፋፈስ ካለ ጊዜ አይሰጥም። ደህና ቢመስልም መታየት አለበት፤ የሳንባው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊታይ ይችላል።

ለባለቤትዎም፦ ናይትራይል የሚባለውን ጓንት ያድርጉ፣ ስስ የላቴክስ ጓንት ዘይትና ነዳጅ አይችልም። ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር ያስፈልጋል፤ ጋቢና ሥር የሚረጭ ፈሳሽ ከላይ ነው የሚንጠባጠበው። ዓይን ውስጥ ከገባ ቆብን ገልጦ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ፍሬይትላይነር ካስኬዲያ እነዳለሁ። አፓርታማችን መኪና ማቆሚያ ላይ ሞተሩን ላጥበው አስቤ ነበር። በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይስ ይሆናል? (ከዳላስ)

መልስ፦ የማቆሚያው ፍሳሽ መውረጃ በአብዛኛው ሳይጣራ በቀጥታ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ነው የሚገባው። ዘይት ያለበት ውሃ ወደዚያ መልቀቅ ያስቀጣል፤ መሠረቱም እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ ነው። የጭነት መኪና እጥበት ቤቶች ውሃውን ሰብስበው ዘይቱን የሚለዩበት ሥርዓት ስላላቸው እዚያ ያሳጥቡት። ሲያሳጥቡ ለሠራተኛው ሁለት ነገር ይንገሩ፤ የጭስ ማጣሪያው ላይ ያሉት ሴንሰሮች እንዳይረጩ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ዴፍ የሚባለው የጭስ ማጽጃ ፈሳሽ ከቱቦዎቹ ተመልሶ እስኪያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ባትሪው እንዳይፈታ።

የፍሬን ማጽጃ ለሙሉ ሞተር አይሆንም። ክሎሪን የሌለበት ዓይነት በጣም ይነድዳል። ክሎሪን ያለበት ደግሞ አይነድም ይባላል፣ ነገር ግን በጋለ ብረት ወይም በብየዳ ሙቀት ፎስጂን የሚባል ሳንባ የሚያጠፋ ጋዝ ይፈጥራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በነዚህ ማጽጃዎች ውስጥ የነበሩትን ትራይክሎሮኢቲሊንና ፐርክሎሮኢቲሊን የሚከለክሉና የሚገድቡ ደንቦችን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 አውጥቷል። ቤትዎ የቆየ ጣሳ ካለ ስሙን ያንብቡ፤ ካገኙት ወደ አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይውሰዱት።

አጠብኩት፤ አሁን ከየት እንደሚያፈስ እንዴት ልወቅ?

ጥያቄ፦ ሞተሩ ጥቁር ዘይት ለብሶ ስለነበር የሚያፈሰው የትኛው ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ የሚገባ ማሸጊያ) እንደሆነ አላወቅንም፤ ለዚህ ብለን አጠብነው። ቀጥሎስ? (መካኒክ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ሲደርቅ የሚጠረጥሩትን ቦታ ሁሉ የሕፃን ፓውደር በስሱ ይንፉበት። ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይነዳ፣ ከዚያ በባትሪ መብራት ይታይ። ነጩ ላይ የጠቆረው መስመር መነሻውን ያሳያል። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ የቬንትሌተሩ ነፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ምንጩ ከእርጥቡ ሁሉ ከፍ ያለውና ወደ ፊት የቀረበው ነጥብ ነው። ከታች የሚንጠባጠበውን ብቻ ዓይቶ የክራንኩን የኋላ ፓራኦሊዮ ለመቀየር ካምቢዮ ያወረደ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ምንጩ ከላይ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ጓርኒሲዮን ሆኖ ያገኘዋል።

ፓራኦሊዮ ከመቀየርዎ በፊት ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። ስስ ጭስ የተለመደ ነው። እየገፋ የሚተፋ ከሆነ መጀመሪያ መተንፈሻው ቱቦ በቆሻሻ አለመደፈኑን ያረጋግጡ፤ በእጥበቱ ጊዜ የሸፈናችሁት ፌስታልም ተረስቶ እንዳይሆን። መተንፈሻው ክፍት ሆኖ ግፊቱ ከቀጠለ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) አልቀዋል ማለት ነው፣ አዲስ ፓራኦሊዮ ቢያስገቡም ያው ግፊት ያስለቅቀዋል።